የእናት ስንቅና የመኪና ልክ

ባለፈው ዓመት የደራሮ በዓል አልፎ ከወናጎ ወደ አዲስ አበባ የምንመለስበት ዕለት ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ከሁላችንም ቀድማ ተነስታለች። በረንዳው ላይ የደረደረችውን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ሙዝና አቮካዶና አናናስ የታጨቀባቸው ሦስት ጆንያዎች፣ ሁለት ፈረሱላ ቡና፣ አንድ ጄሪካን ማር፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት በጎች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለልጅ ልጆቼ ነዋ! እዚያ አዲስ አበባ ሁሉ ነገር በገንዘብ አይደል እንዴ? ባዶ እጃችሁንማ አልሸኛችሁም።»

በኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ ሾፌር ዕቃውን አየት አድርጎ «ችግር የለም እማማ፣ ብረት እኮ ነው፣ ይችለዋል» አላት። የሚበዛው ወደ ፖርቶመጋላው ወጣ። በጎቹም ወጡ። ስንመጣ አሥራ ሁለት ነበርን፤ ስንመለስ አሥራ አራት ሆንን። አክስቴ ለሕክምና፣ ልጇ ደግሞ ለትምህርት አብረውን ሊሄዱ ነው። የእህቴ የአሥር ወር ሕፃን አክስቴ ጭን ላይ ተቀመጠ። እናቴ «በሰላም ግቡ» ብላ መረቀችን፤ ተነሳን።

ዲላን አልፈን ወደ አፖስቶ እየተቃረብን ሳለ ከኋላ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። መኪናው ወደ ግራ ተሳበ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ እንደገና ወደ ግራ። ከፊት ለፊታችን የሚመጣ መኪና አልነበረም። እሱ ነው ያተረፈን። ሾፌሩ ፍሬኑን ሳይደፍቀው፣ መሪውን ጨብጦ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ ጠብቆ ከመንገዱ ዳር አቆመው። ማንም አልተጎዳም። አክስቴ ግን ሕፃኑን እንደታቀፈች ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለችም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ዕለት ነው። በየበዓሉ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድና ከቤተሰቡ የሚመለስ ሁሉ፣ በተለይም ልጅ የሚልኩ እናቶችና አያቶች፣ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ ነው።

የጎሚስታው ትምህርት

ስኮርታውን ቀይረን እየተንፏቀቅን ጎሚስታ ቤት ደረስን። ጎሚስታው ሽማግሌ ነው፤ የፈነዳውን ጎማ አገላብጦ ካየ በኋላ «ጎማው አልበደላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የበደላችሁት» አለን። ከዚያም በጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች በጣቱ እየጠቆመ አስረዳን።

ከጎማው መጠን ቀጥሎ «106/104» የሚል ቁጥር አለ። ይህ የጭነት ልክ ነው። 106 ማለት ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም እስከ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 104 ደግሞ እንደ ጭነት መኪና የኋላ ጎማ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም እያንዳንዱ 900 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በቤት አውቶሞቢል ጎማ ላይ የሚገኘው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለምሳሌ 91 ከሆነ 615 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚኒባስን ጎማ አውልቆ መጠኑ ስለገጠመ ብቻ የአውቶሞቢል ጎማ መግጠም አደጋ አለው።

ሌላው ቁጥር የጎማው ዕድሜ ነው። «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። የእኛ ጎማ «1615» ይላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በ16ኛው ሳምንት የተመረተ ነበር። ጥርሱ ገና ጥሩ ነው፤ ጎማው ግን ደርቋል፣ ጎኑም ተሰነጣጥቋል።

«ንፋሱስ?» አልኩት። ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ንፋስ የለካ ሰው አልነበረም። ጎሚስታው እንዳለው ጎማው ይሸከማል የተባለውን የሚሸከመው ንፋሱ ልክ ሲሆን ብቻ ነው። ንፋሱ ካነሰ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይሞቃል። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ሽቦና ክር ከጎማው ያላቅቃል። ከመጠን በላይ መጫንም ልክ ይህንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ፀሐዩና የአስፋልቱ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ጎማው የሚፈነዳው ሳይታሰብ ነው።

ሦስት ቁጥሮች

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ነገሩ አልወጣልኝም። መኪና የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅሁ፣ አነበብሁ። ነገሩ ለካ የሦስት ቁጥር ሒሳብ ነው። ቤት ውስጥ ለሠርግ ድግስ ጤፍና በርበሬ የምታሰላ እናት ይህንን ማስላት አያቅታትም።

አንደኛው መኪናው ባዶውን የሚመዝነው ነው። ሁለተኛው መኪናው ከነሰውና ከነዕቃው እንዲመዝን የተፈቀደለት የመጨረሻው ክብደት ነው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በበሩ መቃን ላይ ወይም ኮፈኑ ሲከፈት በሚታይ ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ይገኛል፤ ሊብሬውና የመኪናው መመሪያ መጽሐፍም ይረዳሉ። ሦስተኛው የሁለቱ ልዩነት ነው። መሸከም የምንችለው ያንን ልዩነት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰው አለበት፣ ነዳጅ አለበት፣ ፖርቶመጋላው ራሱ አለበት፣ ስንቁም አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአገራችን ከሚሠሩት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ሲመጡ የዕቃ መጫኛ የነበሩ ናቸው። ወንበሩ፣ የወንበሩ ብረት፣ ፖርቶመጋላው ሁሉ እዚህ የተበየደ ነው። ፋብሪካው «ባዶ ክብደት» ብሎ የጻፈው ይህንን አይጨምርም። ስለዚህ መኪናው ባዶውን ነው ስንል እንኳ ከተጻፈው በላይ ይመዝናል።

ይህ ሒሳብ የድሃ አገር ሒሳብ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ቤተሰቦች አልጋና ማዕድ ቤት ባለው የጉዞ መኪና ለእረፍት ይወጣሉ። እዚያ በተለመደው መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ የሚደርስ መኪና ነው። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ የውሃ ታንከሩና የጋዝ ሲሊንደሩ አብዛኛውን ኪሎ ቀድመው ይወስዱታል። የሚተርፈው ለቤተሰቡና ለልብሱ ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ የሆኑት ከመንገድ በፊት መኪናቸውን ሚዛን ላይ የሚያወጡት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑ እዚያም እዚህም ያው ነው።

የእኛን ጭነት ስንደምረው

ወረቀት ይዤ የዚያን ዕለት ጭነታችንን ደመርኩ። የእኛ ሚኒባስ ሳህን ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 3,000 ኪሎ ነበር። ባዶው ከነወንበሩ 1,850 ኪሎ ገደማ ነው። መሸከም የሚገባው 1,150 ኪሎ ነው ማለት ነው። የእናንተ መኪና ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ አካሄዱ ግን አይለይም።

መጀመሪያ ስንመጣ የነበርነው ዘጠኝ አዋቂዎች በአማካይ 70 ኪሎ ብንባል 630 ኪሎ ነን። ሦስት ልጆች በአማካይ 25 ኪሎ ሲሆኑ 75 ኪሎ ነው። ድምሩ 705 ኪሎ። ነዳጅ 50 ኪሎ፣ ፖርቶመጋላው 40 ኪሎ። 795 ኪሎ ደረስን። ለዕቃ የቀረን 355 ኪሎ ብቻ ነበር።

አሁን ስንቁን እንይ። ሁለት ፈረሱላ ቡና 34 ኪሎ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የጌዴኦ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቆጮው 80 ኪሎ። ሦስቱ የፍራፍሬ ጆንያዎች 150 ኪሎ። ማሩ 25 ኪሎ። ሁለት ጄሪካን ውሃ 40 ኪሎ። ሁለቱ በጎች 60 ኪሎ። የሁላችን ሻንጣ 150 ኪሎ። ድምሩ 539 ኪሎ ነው። ከልኩ 184 ኪሎ አልፈናል።

በዚያ ላይ አክስቴና ልጇ አሉ። በአማካይ 65 ኪሎ ቢሆኑ 130 ኪሎ ነው። ጠቅላላ ትርፉ 314 ኪሎ ሆነ። ሦስት ኩንታል በላይ ማለት ነው! አንድም ሰው «ሦስት ኩንታል ትርፍ እንጫን» አላለም። ማንም ቢጠየቅ እምቢ ይል ነበር። ጆንያውን በጆንያ ላይ፣ ሻንጣውን በሻንጣ ላይ ስንጨምር ግን ያለ ማንም ውሳኔ ሦስት ኩንታል ሆነ። ጥፋቱ የአንድ ሰው አልነበረም፤ የማንም ስላልነበረ ነው የከፋው።

ከክብደቱ ይልቅ ቦታው

ልኩን ባናልፍ እንኳ ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ ይወስናል። የዚያን ዕለት ቆጮው፣ ፍራፍሬው፣ በጎቹ፣ ከሻንጣውም የሚበዛው ጣሪያ ላይ ነበር። ከፖርቶመጋላው ጋር 430 ኪሎ ይሆናል። ብዙ የቤት አውቶሞቢሎች ጣሪያቸው ላይ የሚፈቀደው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሲሆን የፖርቶመጋላው ክብደት ራሱ ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ሚኒባስ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፤ መመሪያ መጽሐፉን ማየት ነው።

ጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ ለምን ይከፋል? እንስራ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ የምትሄድ ሴት አስቡ። ቀጥ ብላ ስትሄድ ምንም የለም። ድንገት ዞር ስትል ግን እንስራው ወደነበረበት አቅጣጫ ሊሄድ ይፈልጋል። መኪናም እንዲሁ ነው። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር በመታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የሚያጋድለው ይበዛል። ጎማ ሲፈነዳ ወይም ከፊት አህያ ሲገባ ሾፌሩ መሪውን ድንገት ይሰብራል፤ የሚገለበጠው ያኔ ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሀይዌይ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስለ ባለ 15 መቀመጫ ቫኖች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አንድ መኪና ብቻውን በሚደርስበት አደጋ፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሰው የጫኑት የሚገለበጡት ጥቂት ሰው ከጫኑት ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ መገኘቱን አስታውቋል። መንገዱ የአሜሪካ፣ ጣሪያው ላይ በግ የሌለ ሆኖ ነው እንግዲህ።

ከኋላ በር አጠገብ የሚከመረው ዕቃም የራሱ ጣጣ አለው። ከኋላ ጎማ ወደ ኋላ የወጣ ጭነት እንደ ሚዛን ዘንግ ነው፤ ኋላውን ሲጫን ፊቱን ያነሳል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.5 ሜትር በሆነ መኪና ላይ፣ ከኋላ ጎማው አንድ ሜትር ወደ ኋላ 200 ኪሎ ብታስቀምጡ፣ የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 200 ሳይሆን 280 ኪሎ ነው። ትርፉ 80 ኪሎ የተነሳው ከፊት ጎማዎች ላይ ነው። የፊት ጎማ ሲቀልለው መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም ይደክማል። «መሪው ዛሬ ቀለለኝ» የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ ደስ አይበላችሁ።

የዚህ ምልክቱ በዓይን ይታያል። መኪናው ከኋላ ቁጭ ብሎ ከፊት አፍንጫውን ይቀስራል። ባሌስትራው ተዘርግቶ ቀጥ ይላል። ማታ የመብራቱ ጮራ ከመንገዱ ይልቅ የዛፉን ጫፍ ያበራል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሾፌር ዓይን ያውራል። ጉድጓድ ሲነካ ከሥር ብረት ከብረት ይጋጫል። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ዕቃው በዝቷል ወይም ያለ ቦታው ተቀምጧል።

ቁልቁለትና ፍሬን

የጌዴኦ ምድር ተዳፋት ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ እስከ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ደጋ ድረስ በአጭር ርቀት ይወጣል፣ ይወርዳል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውበቱ ይኸው ነው፤ እንሰቱና ቡናው በጥላ ዛፍ ሥር ተዳፋቱን አቅፎ ይዟል። ለእግረኛ ደስ ይላል። ለተጫነ መኪና ግን ፈተና ነው።

ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ የሚወርድ ሰው ያውቀዋል። 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ ከ85 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ ሁሉንም በፍሬን ልያዘው ካለ ያ ሙቀት የሚያርፈው በአራቱ ጎማዎች ፍሬን ላይ ነው። የፍሬን ሸራ ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። የጫኑት ትርፍ በበዛ ቁጥር ይህ ሁሉ ቶሎ ይመጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዳገቱን በወጣበት ማርሽ፣ ቢቻል ከዚያም ዝቅ ባለው፣ ቁልቁለቱን መውረድ። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ መርገጥና መልቀቅ እንጂ፣ እግርን ፔዳሉ ላይ ጭኖ መውረድ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ደግሞ የልጆችን ነፍስ በጥቂት ብር መሸጥ ነው። የጎማ ማቃጠል የመሰለ ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ አቁሞ ፍሬኑ እስኪበርድ መጠበቅ ይገባል። በጋለው ላይ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጭን ላይ ያለው ሕፃን

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። «ምን አለበት፣ አጥብቄ እይዘዋለሁ» ብላ ነበር ሕፃኑን የተቀበለችው። እኔም አምኛት ነበር። የእናትን ክንድ የሚያህል ምን አለ?

ሒሳቡ ግን እንዲህ ይላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ከክብደቱ 14 እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 140 ኪሎ ይሆናል። ያንን በክንዷ የምትይዝ እናት የለችም። ፍቅር ስላነሳት አይደለም። ቀበቶ ያላሰረች ከሆነ ደግሞ ራሷ ከኋላ መጥታ ሕፃኑን ከፊት ወንበር ጋር ታጣብቀዋለች።

በአንድ ቀበቶ ሁለት ሰው ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ አዋቂው ልጁን ይጨፈልቀዋል። የሕፃን ወንበር ማግኘት ለቻለ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ላልቻለ ግን ቢያንስ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መቀመጫ መኖሩን፣ አዋቂው ሁሉ ቀበቶ ማሰሩን፣ ልጅ በፊተኛው ወንበር አለመቀመጡን ማረጋገጥ ይቻላል። ትርፍ ሰው መጫን ኪሎ መጨመር ብቻ አይደለም፤ አንድን ሰው ያለ መቀመጫ፣ ብዙውን ጊዜም ትንሹን ልጅ፣ ማስቀረት ነው።

ለዕቃውም ሒሳቡ ያው ነው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን በዚያ ፍጥነት 280 ኪሎ ሆኖ ይመጣል። ከወንበር ኋላ ሳይታሰር የተቀመጠ ክሪክ፣ ዳሽቦርድ ላይ የተጣለ የብረት ቴርሞስ፣ ከልጆች ራስ በላይ የተከመረ ሻንጣ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ዕቃ መሆናቸው ይቀራል። ቤንዚን በጄሪካን አድርጎ ሰው ባለበት ውስጥ መጫን ደግሞ በጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የምንሠራበትን ላካፍላችሁ።

ጉዞው ከመድረሱ ከቀናት በፊት ሳህኑንና ሊብሬውን እናያለን። ስንት ሰው እንደሚሄድ እንቆጥራለን። የሰውን ኪሎ ቀንሰን ለዕቃ የሚተርፈውን አንድ ቁጥር እናወጣለን። ያንን ቁጥር ለእናቴ በስልክ እንነግራታለን።

ዕቃው ይመዘናል። ዲላና አካባቢዋ ሚዛን ብርቅ አይደለም፤ ቡና ባለበት ሁሉ ሚዛን አለ። ጆንያውን መዝኖ በላዩ ላይ በማርከር ኪሎውን መጻፍ ነው። ለሻንጣ ደግሞ የቤት ሚዛን ላይ ይዞ መቆምና የራስን ክብደት መቀነስ ይበቃል። የመኪና ሚዛን የሚገኝበት ቦታ በቅርብ ካለ፣ መኪናውን ከነሙሉ ጭነቱ አንድ ጊዜ ማስመዘን ከግምት ሁሉ ይበልጣል። ቡና ያለ ፈቃድ በብዛት መጫን በኬላ እንደሚያስይዝም አትርሱ።

ሲጫን ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ይቀመጣል። ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ባዶ ቅርጫት፣ ሌላም ቀላል ነገር ብቻ ነው። ሸራው ተሸፍኖ በገመድ ይታሰራል፤ የላስቲክ ገመድ ብቻውን አይታመንም። ትንሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ቆሞ ገመዱን ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ይረጋጋና ገመዱ ይላላልና። በሩና መተላለፊያው አይዘጋ። አደጋ ቢደርስ የምትወጡት በዚያ ነው።

ጎማ ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ ይለካል። ለሙሉ ጭነት የሚሆነው የንፋስ ልክ ባዶውን ከሚሆነው ይለያል፤ የመኪናው በር ላይ ያለው ተለጣፊ ሁለቱንም ይናገራል። ስኮርታው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሠራ ይታያል። ስኮርታውን ለማውጣት ጭነቱን ሁሉ ማራገፍ እንዳይኖርባችሁ ቦታውን ቀድማችሁ አስቡ። እኛ በጎቹን ይዘን መንገድ ዳር የቆምነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተጫነ መኪና ጋር በቀን፣ በዝግታ፣ እያረፉ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሾፌሩን «ቶሎ በል» አትበሉት። «ይችለዋል» ሲላችሁ ደግሞ «ሳህኑን አሳየን» በሉት። ይህን ማለት ሾፌርን መናቅ አይደለም። የሚከፍለው እናንተ ናችሁ፤ የተጫነውም የእናንተ ልጅ ነው።

ባዶ እጅ ላለመሸኘት

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ለእናቴ መንገሩ ነበር። አንዲት እናት ዓመቱን ሙሉ አስባ ያዘጋጀችውን «አንወስድም» ማለት ፊቷን ማጥቆር ነው። ኪሎ ብትላት ምን ይገባታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ዘንድሮ ቁጥሩን በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ሕፃኑ ያን ዕለት ጭን ላይ ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልነገራትም ነበር፤ አክስቴ ናት ለካ። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው ንገሪኝ፣ ስንት ኪሎ ነው የተፈቀደልኝ?» አለች።

ስንደርስ ከጎረቤት ሚዛን ተውሳ ጠበቀችን። ሁሉንም ራሷ መዝናለች። ቡናው ሁለት ፈረሱላ እንደነበረ ሁለት ፈረሱላ ነው፤ እሱን አልቀነሰችም። ማሩም አለ። ቆጮው ግማሽ ሆኗል። ከፍራፍሬው አንድ ጆንያ ብቻ አስቀርታለች፤ «ሌላውን ከዲላ በጭነት መኪና እልከዋለሁ፤ ሙዙ እዚያ እስኪደርስ ይበስላል» አለች። በጎቹን ስጠይቃት ሳቀች። «አንዱን ዛሬ እዚሁ ትበሉታላችሁ፤ ሌላው ለፋሲካ ስትመጡ ይጠብቃችሁ።»

አሥራ ሁለት ሆነን መጣን፤ አሥራ ሁለት ሆነን ተመለስን። አክስቴ ለሕክምና ቀጠሮዋ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ በማግሥቱ መጣች። የእህቴ ልጅ አሁን የራሱ ወንበር አለው። መሀል መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

አፖስቶ ስንደርስ እናቴ ደወለች። «የት ደረሳችሁ?» አለች። ነገርኳት። «ጎማውን እዩት» አለችኝ። ወርደን አየነው። ደህና ነበር።